ሹመቱ የማን፣ ማዕረጉ በምን? የክልል የታጠቀ ኃይል አዛዦች ጥያቄ ከባሌ ደጋ ሲታይ

ሹመት፣ ማዕረግና ምደባ በዕለት ንግግራችን እየተቀላቀሉ የሚነገሩ ሦስት ቃላት ናቸው። «እገሌ ኮማንደር ሆነ» ሲባል ሰሚው አንድም ትከሻው ላይ አዲስ ምልክት ተሰካ፣ አንድም አዲስ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ አንድም አለቆቹ አመኑት ብሎ ሊረዳ ይችላል። ማዕረግ በትምህርት፣ በአገልግሎት ዘመንና በፈተና የሚገኝ የሙያ ደረጃ ነው፤ ሰውየው ወንበሩን ቢለቅም አብሮት ይሄዳል። ሹመት ሥልጣን የያዘ አካል አንድን ሰው ለአንድ ኃላፊነት የሚመርጥበት ውሳኔ ነው፤ ሲሻር ያበቃል። ምደባ ደግሞ ያ ሰው የትና ለምን ያህል ጊዜ ይሥራ የሚለው ነው። የክልልን የታጠቀ ኃይል ማን ይምራው የሚለው የኢትዮጵያ ክርክር ለረጅም ዘመን የተካሄደው በሹመት ላይ ብቻ ነው፤ ሿሚው አዲስ አበባ ይሁን፣ የክልሉ ርእሰ መስተዳድር ወይስ የአካባቢው ሕዝብ? በምን መለኪያ የሚለው ጥያቄ ወደ ኋላ ቀርቷል። ይህ ዳሰሳ የሁለቱን ጥያቄዎች ታሪክ ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ሹመቱን ለክልል፣ ማዕረጉን ለአገር አቀፍ መለኪያ የሚሰጠው አካሄድ ከሌሎቹ የጠነከረ ማስረጃ እንዳለውም ይከራከራል።

አሜሪካኖች «ናሽናል ጋርድ» የሚሉት፣ በአዘቦቱ ለግዛቱ አስተዳዳሪ፣ በፌዴራል ጥሪ ጊዜ ደግሞ ለፕሬዚዳንቱ የሚታዘዝ ተቋም በዚያ ስም ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። ሥራው ግን ሠሪ አጥቶ አያውቅም። በመደበኛው ጦርና በተራው ፖሊስ መካከል ያለውን ክፍተት ነጭ ለባሽ፣ ብሔራዊ ጦር፣ ሚሊሺያ፣ አብዮት ጥበቃ፣ ልዩ ኃይል፣ አድማ ብተና እየተባሉ የተፈራረቁ ኃይሎች ሲሸፍኑት ኖረዋል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ባሌን ረግጠዋል። መልክዐ ምድሩም ጥያቄውን ያከረዋል። ሮቤና ጎባ የሚራራቁት በ14 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከጎባ ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳኔቲን አምባ አቋርጦ፣ 4,377 ሜትር የሚደርሰውን ቱሉ ዲምቱን በጎን ትቶ፣ በሐረና ጫካ በኩል ወደ ዴሎ መና ቆላ ይወርዳል። ጠዋት በውርጭ የተነሣ ጋሻ ጃግሬ ከሰዓት በቆላ ፀሐይ ይቃጠላል። እንዲህ ባለ አገር ጦር የሚመራ ሰው ካርታ ማንበብም፣ የአገሬውን ቋንቋ መናገርም ያስፈልገዋል። አንዱን ይዞ ሌላውን ያጣ አዛዥ ምን እንደሚገጥመው የባሌ ታሪክ በተደጋጋሚ አሳይቷል።

ከገራድ እስከ ደጃዝማች

በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የባሌው ሹም «ገራድ» ይባል ነበር፤ ንጉሡ ጨዋ የሚባለውን ጦር በድንበር አገሮች ያሰፍሩ ስለነበር አስተዳደርና አዝማችነት አንድ ላይ የተሸመኑ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በባሌ ምድር የሰፋው የገዳ ሥርዓት ለተመሳሳይ ጥያቄ ፍጹም የተለየ መልስ ሰጠ። በገዳ የጦር መሪው «አባ ዱላ» ነው። ወደዚህ ኃላፊነት የሚመጣው ሰው በዕድሜ እርከኖች ውስጥ አልፎ፣ ከእረኝነት ጀምሮ በየደረጃው ተፈትኖ፣ እኩዮቹ አይተውት ነው። ሥልጣኑም በስምንት ዓመት ዙር የተገደበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ይህ ሥርዓት ብዙውን ጊዜ የሚወደሰው በምርጫው ነው። ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ምርጫውና መመዘኛው የተለያዩ መሆናቸው ነው። ሕዝቡ ይመርጣል፤ የሚመርጠው ግን እርከኑን ካለፉት መካከል ነው። ባሌ ውስጥ ያለው ኦዳ ሮባ ከታወቁት የገዳ ጉባኤ ሥፍራዎች አንዱ መሆኑ ደግሞ ነገሩ ለአካባቢው ከውጭ የመጣ ሐሳብ እንዳልሆነ ይመሰክራል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዐፄ ምኒልክ ጦር ባሌን ሲይዝ ጎባ የጦር ሰፈር ሆና አደገች። ከጦሩ ጋር የመጡት ማዕረጎች ራሳቸው ታሪክ ይናገራሉ። ፊታውራሪ የፊተኛው ጦር መሪ ነው፤ ቀኛዝማች የቀኙ፣ ግራዝማች የግራው ክንፍ አዝማች፤ ደጃዝማች ከንጉሡ ደጅ ያለውን ጦር የሚያዘምት። ስሞቹ በሰልፍ ላይ ያለን ቦታ የሚያመለክቱ የሥራ መጠሪያዎች ነበሩ። ጊዜ ሲያልፍ ግን ሰልፉ ተረሳና ስሙ ቀረ፤ መሬት ለያዘ፣ ግብር ለሰበሰበ፣ ለዘውዱ ታማኝ ለሆነ ሁሉ የሚሰጥ ክብር ሆነ። እዚህ ላይ ማዕረግና ሹመት ተዋጡ፤ አዝማች የተባለው ማዝመት መቻሉን የሚጠይቅ ጠፋ። ይህ ማለት የዘመኑ ሰዎች ብቃት አልነበራቸውም ማለት አይደለም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የባሌ ገዢ የነበሩት ደጃዝማች በየነ መርዕድ በደቡብ ግንባር ከራስ ደስታ ዳምጠው ጋር ተሰልፈው እስከ መጨረሻው ተዋግተዋል፤ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በጣሊያኖች ተገድለዋል። የበየነ መርዕድ ጀግንነት ግን ከሰውየው የመነጨ ነበር። ሥርዓቱ ያንኑ ወንበር ለማይችል ሰው ለመስጠት የሚያግደው ነገር አልነበረውም።

ሁለት ጄኔራሎች፣ አንድ ጦርነት

ሙያዊ መለኪያ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በትምህርት ቤት በር ነው። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ በስዊድን መኮንኖች ተጀመረ፤ የሐረር የጦር አካዳሚ በ1950 ዓ.ም. ገደማ በሕንድ መምህራን ሥራ ጀመረ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ለመኮንኖች ማዕረግ የመስጠትን ሥልጣን ለንጉሠ ነገሥቱ አደረገ። ስለዚህ በ1950ዎቹ ሁለት ዓይነት አዛዦች ጎን ለጎን ቆመው ነበር፤ አንደኛው ከአካዳሚ የተመረቀ፣ ሌላው በአርበኝነት ወይም በባላባትነት ማዕረግ ያገኘ። የመጀመሪያው ዓይነት በመደበኛው ጦር በዛ፤ ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ከአገር ቤት በሚሰበሰበው ብሔራዊ ጦርና በነጭ ለባሹ ዘንድ ሰፊ ቦታ ነበረው።

የባሌ አመፅ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ሲቀጥል ይህ ልዩነት በጎላ መልኩ ታየ። የአመፁ ምክንያት በመሬት፣ በግብር፣ በአስተዳደር በደልና በሃይማኖት የተጠላለፈ ነበር፤ እዚህ ሊዘረዘር አይችልም። ለጉዳያችን የሚጠቅመው መንግሥት ያሰለፈው ኃይል ዓይነት ነው። መደበኛው ጦር፣ ፖሊሱ፣ ብሔራዊ ጦርና የታጠቀው ሰፋሪ በአንድ አውድማ ተገኙ። የታጠቀው ሰፋሪ በመሬቱ ጉዳይ ራሱ የክርክሩ ወገን ነበር፤ ገበሬው ግብር የሚከፍለውና ጠመንጃ የሚደገንበት ከአንድ ቤት ሲሆን ጸጥታ አስከባሪ የሚለው ስም ትርጉም ያጣል። ሰባት ዓመት የፈጀውን ጦርነት ያራዘመው ይህ ብቻ ነው ማለት ይከብዳል፤ ቆላው ሰፊ ነበር፣ መሣሪያም ከሶማሊያ ይገባ ነበር። ነገር ግን የአካባቢን ኃይል አዛዥ በአካባቢ ጥቅም የተሳሰረ ሰው ማድረግ ያለው አደጋ ከባሌ ይበልጥ ጎልቶ የታየበት ቦታ ጥቂት ነው።

ጦርነቱ የተቋጨው በሁለት ሰዎች ስም ነው፤ ሁለቱም ዛሬ ጄኔራል እየተባሉ ይጠራሉ። ጃገማ ኬሎ ገና በ15 ዓመታቸው አርበኛ ሆነው ጣሊያንን የተዋጉ፣ ከነጻነት በኋላ ወደ መደበኛው ጦር ገብተው ሌተና ጄኔራል የደረሱ ናቸው። ዋቆ ጉቱ ጄኔራል መባልን ከመደበኛው ጦር ሳይሆን ከአመፁ ያገኙ የዴሎ ሰው ናቸው። በመጋቢት 1962 ዓ.ም. ዋቆ እጃቸውን ሲሰጡ ያነጋገሯቸው ጃገማ ነበሩ፤ ዘውዱም ለዋቆ ማዕረግ ሰጠ። ጃገማ ኦሮምኛ ተናጋሪ መሆናቸው፣ ራሳቸውም በጫካ ኖረው የሽምቅ ተዋጊን ልብ ማወቃቸው፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ በመደበኛው ጦር ሥነ ሥርዓት ረጅም ዓመታት ማገልገላቸው በአንድ ሰው ተገናኝቷል። አካዳሚ ብቻ ይበቃል የሚል ወገን ጃገማን ማስረዳት አይችልም። የአገር ልጅነት ብቻ ይበቃል የሚለውም አይችልም፤ የአገር ልጅ የሆኑ ባላባቶች በባሌ ሞልተው ነበርና። ለዋቆ የተሰጠው የዘውድ ማዕረግ በበኩሉ አሮጌውን ልማድ ያሳያል፤ ማዕረግ የችሎታ ምስክር መሆኑ ቀርቶ የእርቅ ዋጋ ሆነ። ልማዱ ከዘውዱ ጋር አልሞተም። ከዚያ ወዲህ በነበሩት አሥርት ዓመታትም ታጣቂን ለማስገባት ማዕረግና ወንበር እንደ መደራደሪያ መቅረባቸው አልቀረም።

ከሻለቃ በታች

ደርግ ሲመሠረት የያዘው ስም ብዙዎች የረሱት ነገር አለው፤ የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስ ሠራዊትና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ኮሚቴ። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. የተሰበሰቡት ተወካዮች ከሻለቃ ማዕረግ የማይበልጡ ነበሩ፤ ከፍተኛ መኮንኖች የአሮጌው ሥርዓት ሹመኞች ናቸው ተብለው ተገለሉ። ለዘመናት የተጠራቀመው የማዕረግና የሹመት መዋዋጥ ያስከተለው ቅጣት ይህ ነበር ማለት ይቻላል፤ ከላይ ያለው ማዕረግ ሁሉ በታማኝነት የተገኘ ተደርጎ ስለታየ የሚገባው መኮንንም ከማይገባው ጋር አብሮ ተጠረገ። ደርግ ግን ሌላ ታማኝነትን ተከለ። በጦሩ ውስጥ ከአዛዡ ጎን የፖለቲካ ኃላፊና የደኅንነት ሰው ቆሞ ውሳኔ በሦስት ሰው እጅ ወደቀ፤ በቀበሌ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ታጠቁ፤ በ1969 ዓ.ም. ደግሞ በታጠቅ ሰፈር ገበሬው በአጭር ሥልጠና ሚሊሺያ ሆኖ ወጣ። የሶማሊያ ወረራ ባሌ ቆላን ሲነካ ይህ ሚሊሺያ አገር አድኗል፤ ይህን መካድ ውለታ መርሳት ነው። ብዛት የአመራርን ጉድለት ለጊዜው ሊሸፍን እንደሚችል፣ ለዓመታት ግን እንደማይችል የሰሜኑ ጦርነት አሳየ።

ሕገ መንግሥቱ የተናገረውና ዝም ያለው

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ስለ መከላከያ ሠራዊት በግልጽ ይናገራል። አንቀጽ 87 ሠራዊቱ የብሔሮችን ሚዛናዊ ተዋፅዖ እንዲይዝ፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን፣ ሠራዊቱም ከፓርቲ ወገንተኝነት ነጻ ሆኖ እንዲሠራ ያዛል። አንቀጽ 71 ከፍተኛ የጦር ማዕረግን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ፕሬዚዳንቱ እንዲሰጡ ያደርጋል፤ አንቀጽ 74 ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠቅላይ አዛዥ ያደርጋል። አቅራቢው፣ ሰጪውና አዛዡ ማን ማን እንደሆነ ተጽፏል ማለት ነው።

ወደ ክልል ስንመጣ ጽሑፉ ይሳሳል። አንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 2 የክልሎችን ሥልጣን በፊደል ተራ ይዘረዝራል። በፊደል «ረ» ክልሉ የራሱን ሲቪል ሰርቪስ እንዲያስተዳድር ፈቅዶ አንድ ግዴታ ይጨምራል፤ ለሥራ፣ ለማዕረግና ለኃላፊነት የሚፈለገው ትምህርት፣ ሥልጠናና ልምድ ከአገር አቀፉ መለኪያ ጋር የተቀራረበ መሆን አለበት። ቀጥሎ ባለው በፊደል «ሰ» ክልሉ የራሱን ፖሊስ እንዲያደራጅና እንዲመራ፣ ሰላምና ጸጥታ እንዲያስከብር ይላል፤ እዚያው ያቆማል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መመዘኛው ከአገር አቀፉ ጋር እንዲቀራረብ የሚያዝዝ ሕግ፣ ጠመንጃ የያዘ ሻለቃ ጦር ለሚመራ ሰው ያንኑ ቃል አልደገመም። ሁለት ንባብ ይቻላል። አንደኛው ዝምታው ሆን ተብሎ የተተወ ነጻነት ነው ይላል፤ ክልሎች በፖሊሳቸው ላይ ማንም ጣልቃ እንዳይገባባቸው። ሁለተኛው ፖሊስም የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ የ«ረ» ግዴታ በ«ሰ» ላይም ይሠራል ይላል። ሁለተኛው የተሻለ ይመስላል፤ ምክንያቱም «ረ» ማዕረግን በስሙ ጠርቶ ያነሣል፣ በሲቪል ሰርቪስ ውስጥ ደግሞ ማዕረግ የሚለው ቃል ከደንብ ልብስ ለባሹ ይበልጥ የሚስማማው ሰው አይገኝም። በተግባር የሄደው ግን የመጀመሪያው ነው።

ልዩ ኃይል

በ1999 እና 2000 ዓ.ም. አካባቢ በሶማሌ ክልል የተቋቋመው ልዩ ፖሊስ በዚህ ዝምታ ውስጥ የበቀለ ነው። አንቀጽ 52 ፖሊስ ብሎ የፈቀደው ከሽምቅ ተዋጊ ጋር የሚዋጋ፣ ከባድ መሣሪያ የታጠቀ ጦር ሆነ። የክልሉ የጸጥታ ኃላፊ የነበሩትና በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት አብዲ መሐሙድ ዑመር ከኃይሉ ጋር ስማቸው የማይነጠል ነው፤ አዛዡ ለተቋም ሳይሆን ለሰው የሚታዘዝበት ሁኔታ ተፈጠረ። የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ከፍተኛ በደል መዝግበዋል። በ2009 እና 2010 ዓ.ም. በሶማሌና በኦሮሚያ ክልሎች ወሰን ላይ የተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ሕዝብ ሲያፈናቅል የባሌ ቆላ ወረዳዎችም አልተረፉም። ሌሎች ክልሎችም በየራሳቸው ልዩ ኃይል አደራጁ፤ እያንዳንዱ ጎረቤቱን እያየ ቁጥሩን አበዛ። ኮንስታብል፣ ሳጅን፣ ኢንስፔክተር፣ ኮማንደር፣ ኮሚሽነር የሚለው የፖሊስ እርከን ለወንጀል መከላከል የተሠራ ነው፤ ኮማንደር ተብሎ እንደ ብርጌድ አዛዥ የሚያዋጋ ሰው በየትኛው ትምህርት እንደተመዘነ ግን የትኛውም እርከን አይነግረንም።

በሌላ አቅጣጫ ደግሞ ተገቢው ማዕረግ ያለው ሰው ሲሾም የደረሰውም አለ። ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌ ከመደበኛው ሠራዊት የወጡ ጄኔራል መኮንን ነበሩ። በ2001 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተጠርጥረው ታሰሩ፤ በ2010 ተፈቱ፤ በ2011 በአማራ ክልል የሰላምና የጸጥታውን ቢሮ እንዲመሩ ተሾሙ። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ርእሰ መስተዳድሩ ዶክተር አምባቸው መኮንን ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር፣ አዲስ አበባ ላይ ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኮንን ተገደሉ። የፌዴራል መንግሥት ድርጊቱን የመሩት አሳምነው ናቸው አለ፤ እሳቸውም ከሁለት ቀን በኋላ ተገደሉ። ይህ ክስተት «ማዕረግና ትምህርት ምን ዋስትና ይሰጣል?» ለሚሉ ዋና ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ሦስተኛው ማስረጃ ስለ አለመንቀሳቀስ ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በኦሮሚያ ከተሞች የተፈጸመውን የመረመረው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን 123 ሰዎች መሞታቸውንና ቢያንስ 500 መቁሰላቸውን ዘግቧል። በበርካታ ሥፍራዎች ነዋሪዎች የአካባቢውን የጸጥታ አካል እየጠሩ «ከበላይ ትዕዛዝ አልደረሰንም» የሚል መልስ ማግኘታቸውንም አስፍሯል። ከሮቤ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ዶዶላ ከተጎዱት አንዷ ናት። ቤት እየተቃጠለ ትዕዛዝ የሚጠብቅ አዛዥ የሕግ ሥልጣን አጥቶ አይደለም፤ ወንበሩ በአንድ ስልክ የሚነሣ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። የሙያ ማዕረግ ከሹመት ተነጥሎ ካልቆመ አዛዡ ሕጉን ሳይሆን ስልኩን ያያል።

ከ2015 በኋላ የቀረቡት አቋሞች

መጋቢት 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎችን አፍርሶ አባላቱን ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ክልል ፖሊስ ለማስገባት መወሰኑን አስታወቀ። በአማራ ክልል ተቃውሞ ተነሣ፤ ነሐሴ ሳይገባ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ በሦስት ወገን ቆሟል። የመጀመሪያው ወገን የታጠቀ ኃይል ሁሉ አዛዥ ከማዕከል ይሾም ይላል። ማስረጃው ከላይ ያየነው የልዩ ኃይል ታሪክ ነው፤ ምሳሌውም ናይጄሪያ ልትሆን ትችላለች፤ የ1999 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ ከፌዴራሉ ሌላ ፖሊስ እንዳይኖር ይከለክላል። ሆኖም በዚያው አገር ገዢዎች የራሳቸውን ግዛት ኮሚሽነር ማዘዝ ስለማይችሉ የግዛት ፖሊስ ይቋቋም የሚለው ጥያቄ ዓመት ከዓመት ይነሣል። ባሌም ከማዕከል ብቻ የተሾመ፣ ቋንቋ የማያውቅ ገዢ ያመጣውን አይቷል። ሁለተኛው ወገን ፌዴራሊዝም ያለ ክልል ኃይል ባዶ ነው፣ ሹመቱም መለኪያውም የክልሉ ይሁን ይላል። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ በቅርቡ ታሪካችን ማዕከሉ በክልሎች ላይ ጦር አዝምቷል፣ ትጥቅ ፍቱ የተባሉትም ጥቃት ሲደርስባቸው ማን እንደሚደርስላቸው አልተነገራቸውም። ሦስተኛው ወገን ለአባ ዱላ ቅርብ ነው፤ የአካባቢውን ኃይል መሪ የአካባቢው ሕዝብ ይምረጠው ይላል። በዘመናዊው ዓለም ለዚህ የሚቀርበው ደቡብ ካሮላይና ናት፤ የጋርዱን አዛዥ ሕዝቡ በድምፅ ይመርጥ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. ግን ያው ሕዝብ በድምፁ ሥልጣኑን ለአስተዳዳሪው አሳለፈ። ጄኔራል ለምርጫ ሲወዳደር መኮንኖቹ የምርጫ ደጋፊ ይሆናሉ የሚለው ስጋት ክብደት አግኝቷል ማለት ነው።

ሦስቱም ወገኖች የሚጋሩት ስሕተት ሿሚው ከታወቀ መለኪያው አብሮ ይመጣል ብለው ማሰባቸው ነው። ሁለት አገሮች ሿሚውንና መለኪያውን ነጥለዋል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የሚሊሺያ መኮንኖችን ሹመት ለግዛቶች ትቶ፣ የሥልጠናውን ሥርዓት ግን ኮንግረስ እንዲደነግግ አደረገ። በ1903 እና በ1916 እ.ኤ.አ. የወጡት ሕጎች ይህን አጠበቁት፤ አስተዳዳሪው የሾመው መኮንን የፌዴራሉን መመዘኛ አልፎ ዕውቅና ካላገኘ በፌዴራል ዘንድ ማዕረጉ አይቆጠርም። ሕንድ ከዚህ ርቃ ሄዳለች። ከፍተኛ የፖሊስ መኮንኖች በአንድ አገር አቀፍ ፈተና ተመልምለው፣ በአንድ አካዳሚ ሠልጥነው፣ ከዚያ ለግዛቶች ይመደባሉ፤ በግዛቱ መንግሥት ሥር ይሠራሉ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2006 እ.ኤ.አ. የግዛቱ ፖሊስ ዋና አዛዥ ነጻ ኮሚሽን ካቀረባቸው ሦስት አንጋፋ መኮንኖች መካከል እንዲመረጥና ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ አዘዘ። መራጩ የግዛቱ መንግሥት ነው፤ የሚመርጠው ግን ከተመዘኑት ነው። ከአባ ዱላው እርከን ጋር ያለው መመሳሰል ይገርማል። ይህንን ወደ እኛ ሕግ ማምጣት ሕገ መንግሥት ማሻሻል አይጠይቅም፤ የአንቀጽ 52ን «ረ» ለ«ሰ» ማንበብ ይበቃል። ርእሰ መስተዳድሩ ኮሚሽነሩንና ዋና አዛዦቹን ይሾማል፤ ከኮማንደር በላይ ያለውን ማዕረግ ግን ክልሎችም የሚወከሉበት ነጻ የምዘና አካል ይመሰክራል።

የሚቀርቡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የአሳምነው ነው፤ ማዕረግ ነበራቸው፣ ምን አገደ? መልሱ ማዕረጉ ላይ ሳይሆን ወንበሩ ላይ ነው። በፌዴራል ደረጃ ሕገ መንግሥቱ ሚኒስትሩ ሲቪል ይሁን ሲል ፖለቲካዊ ተቆጣጣሪውንና አዛዡን ለያየ። በክልሉ ግን የቢሮ ኃላፊነትና የጦር መሪነት በአንድ ሰው ተገናኙ፤ ጄኔራሉ ራሱን የሚቆጣጠር ሹም ሆነ። ጥፋቱ መለኪያ በመኖሩ አልመጣም፤ መለኪያን ከቁጥጥር ጋር በመደባለቅ ነው። ምዘና ታማኝነትን አይፈጥርም፤ ያንን የሚጠብቁት የተወሰነ የሥልጣን ዘመን፣ በምክር ቤት ፊት መጠየቅና በሕግ የተጻፈ የመሻር ሥርዓት ናቸው። ሁለተኛው ተቃውሞ አገር አቀፍ መለኪያ የአገሬውን ልጅ ያገላል የሚል ነው። ማግለሉ የሚመጣው መለኪያው በመጽሐፍ ብቻ ሲሠራ ነው። የክልሉን የሥራ ቋንቋ፣ በክልሉ ውስጥ የተሰጠ የአገልግሎት ዘመን፣ የሽምግልናን ወግ ማወቅ ነጥብ የሚያሰጡ ከሆነ ጃገማን ወደ ባሌ ያበቃው ችሎታ በመመዘኛው ውስጥ ይካተታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው። የምዘናው አካል ነጻ ነው ቢባልም በክልልና በማዕከል የሚገዛው አንድ ፓርቲ ሲሆን ሁለት ቁልፍ የያዘው አንድ እጅ ይሆናል ይላል። የሕንዱ ትእዛዝም በብዙ ግዛቶች ሲሸራረፍ መቆየቱ ይህን ያጠናክራል። ለዚህ ሙሉ መልስ የለም። ከፊል መልሱ መመዘኛው በነጋሪት ጋዜጣ እንዲታወጅ፣ የተሿሚው የአገልግሎት ማኅደር ለምክር ቤት እንዲቀርብ፣ የተነፈገም ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ማድረግ ነው፤ ቁልፉ አንድ እጅ ውስጥ ቢሆንም ሲዞር ይታያል።

ሌላው ያልተቋጨ ጉዳይ የማዕረግ ማመጣጠን ነው። ከልዩ ኃይል ወደ ክልል ፖሊስ የገባ አዛዥ በጦር ሜዳ ያገኘው ልምድ በፖሊስ እርከን ስንት ነው? ዝቅ ቢደረግ ቅሬታ ይዞ ጫካ ይገባል፤ እንዳለ ቢቀበሉት ወንጀል መርምሮ የማያውቅ ሰው የምርመራ አለቃ ይሆናል። ይህን በአጭር የማሸጋገሪያ ሥልጠና መፍታት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ወራት የሚፈጅ ኮርስ ግን በተዋጊነት የተቀረጸን ልማድ ይቀይራል ብሎ መተማመን ከባድ ነው።

ከሁሉ ወደ ታች ደግሞ ሚሊሻው አለ። ሚሊሻ የሚለው ቃል በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም፤ በኦሮሚያ ጋቸነ ሲርና የሚባለውም ሆነ በሌላው ክልል ያለው በቀበሌ ተመልምሎ በወረዳ የሚመራ ነው። በዲንሾ ወይም በአጋርፋ ብርድ ሌሊቱን በቡልኮ ተጠቅልሎ መንገድ የሚጠብቀው ገበሬ ቀን ገብሱን ያጭዳል። ደመወዙ ከሆነ ትንሽ ነው፣ አዛዡም ብዙውን ጊዜ የጎረቤቱ ልጅ ነው። ዛሬ በባሌ ደጋ ከማንኛውም ኮሚሽነር ይልቅ ለሕዝቡ የሚቀርበው የመንግሥት ጠመንጃ ይህ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ጠመንጃ ያለ ፈቃድና ያለ ምዝገባ እንዳይያዝ ይደነግጋል፤ የመሣሪያው መለያ ቁጥር በመዝገብ ይሰፍራል። ያንን ጠመንጃ «ተኩስ» ወይም «አቁም» የሚለው የሚሊሻ አዛዥ ምን ተምሮ፣ በማን ተመዝኖ፣ ለስንት ዓመት እንደተሾመ የሚጽፍ ተመሳሳይ አገር አቀፍ መዝገብ ገና አልተከፈተም።